አፕዴት የማያደርጉት ጋሽ ገብረሚካኤል

አፕዴት የማያደርግ ሰው የሌለበት ቤተሰብ አሳዩኝ፤ እኔ ደግሞ ውሃ የማይጠፋበት ኮንዶሚኒየም አሳያችኋለሁ። ሁለቱም የሉም። ከአጎት፣ ከአክስት፣ ከጎረቤት ወይም ከቢሮ ሰው መካከል አንዱ የግድ፣ ስልኩ «አዲስ ስሪት መጥቷል፣ ልጫነው?» ባለው ቁጥር «በኋላ» የሚለውን የሚነካ ነው። «በኋላ» ማለት የጀመረው ከአሥር ዓመት በፊት ነው። ቆራጥ ሰው ስለሆነ እስከ ዛሬ ሐሳቡን አልቀየረም።

እኔ ሩሐማ እባላለሁ፤ የስልክ አፕ እሠራለሁ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ለእናንተ የቤተሰብ ጨዋታ ናቸው፤ ለእኔ ግን ሥራ ናቸው። አንድ አፕ ስንሠራ ከድሮው ስልክ ጀምሮ ነገ እስከሚወጣው ድረስ በሁሉም ላይ እንዲሠራ ይጠበቅብናል። አዲሱ ስልክ በየዓመቱ አዲስ ሕግ ያወጣል፤ አሮጌው የድሮውንም ሕግ ገና በደንብ አልሰማም። መሃል ላይ እኛ አለን፤ ካዛንቺስ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ለጌጥ በተቀመጠበት ሕንፃ ውስጥ።

ከወገኑ ሁሉ ግን ቁንጮው፣ የ«በኋላ» ማኅበር የዕድሜ ልክ ሊቀመንበር፣ ክቡር አቶ ገብረሚካኤል ናቸው።

የተዋወቅነው በውሃ ምክንያት ነው። መሥሪያ ቤታችን ሰንጋ ተራ ለሚገኝ አንድ ኮንዶሚኒየም «ጠብታ» የተባለች አፕ ሠርቶ ነበር። በዚያ ግቢ ውሃ የምትመጣው በፈረቃ ነው፤ ያውም ደስ ባላት ሰዓት። ስትመጣ የግቢው ጥበቃ ሊካሳ ቧንቧው ሲያጉረመርም ይሰማና ስልኩ ላይ አንድ ቁልፍ ይጫናል። ያኔ የነዋሪው ሁሉ ስልክ «ውሃ መጣ!» ብሎ ይጮሃል። ከዚያ በኋላ ያለው የጀሪካን ጉዳይ ነው።

አንድ ቀን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይዘሮ መነን ደወሉልኝ።

«ሩሐማ፣ አንድ ነዋሪ አፑ አልሠራልኝም ብለው መቀመጫ ነሡኝ። በቃ ልኬልሻለሁ።»

«ስልኩን ነው?»

«ሰውየውን።»

ሰውየው አራቱን ፎቅ በእግራቸው ወጥተው፣ ሳያለከልኩ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ከውስጥ ኪሳቸው መሐረብ አወጡ። ከመሐረቡ ውስጥ ፌስታል ወጣ። ከፌስታሉ ውስጥ በላስቲክ የታሰረ፣ ጥጉ በፕላስተር የተለጠፈ፣ ባትሪው እንደ ዳቦ የተነፋ ስልክ ወጣ። አንድሮይድ አምስት።

«አባባ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

«አባባ አትበይኝ፤ አባባ የሚባል ሌላ ሰው ነው። ገብረሚካኤል እባላለሁ። ለገሃር፣ ምድር ባቡር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት መካኒክ።»

«እሺ ጋሼ። ይሄ ስልክ እኮ አሥር ዓመት ሆኖታል።»

«አንቺስ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሃያ ዘጠኝ።»

«ታዲያ ማን ይቀየር?»

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። «አፕዴት አድርገውት ያውቃሉ?»

«እየሠራ ያለ ነገር አይነካም።»

«አሁን እኮ እየሠራ አይደለም።»

«የኔ ስልክ እየሠራ ነው። ያልሠራው ያንቺ ነው።»

በዚህ መሃል የሥራ ባልደረባዬ ዮአብ መጣ። ዮአብ የተቃራኒው ወገን ሰው ነው። አዲስ ስሪት ገና ሙከራ ላይ እያለ፣ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ሳያምኑበት ይጭነዋል። የጋሼን ስልክ ሲያይ ሙዚየም የገባ ይመስል እጁን ወደኋላ አድርጎ ጎንበስ አለና «ፎቶ ላንሳው?» አለ።

ጋሼ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ያንተ ዘመናዊ ነው መሰለኝ?»

«የመጨረሻው ነው ጋሼ። ማለቴ፣ ገና አልወጣም።»

«እስቲ ደውልልኝ።»

ዮአብ ፀጉሩን አከከ። የዚያ ሰሞን ስልኩ ከአዲስነቱ የተነሳ መደወል አቁሞ ነበር። ጋሼ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

ያን ስልክ ለማስታመም አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። በየቀኑ ጠዋት ይመጣሉ፣ ፌስታሉን ይፈታሉ፣ አጠገቤ ቁጭ ብለው ሥራዬን ይቆጣጠራሉ። ቶሎ ቶሎ ስነካካ በባቡር ቤት ፈረንሳይኛቸው «ዱስማ፣ ዱስማ» ይሉኛል፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። አፑ ተጫነች፣ ተከፈተች፣ ግን ከእኛ ሰርቨር ጋር አልገናኝ አለች። ኮዱን ገለባበጥኩ። የድሮ የኢንተርኔት መድረኮችን በረበርኩ። በአምስተኛው ቀን፣ ተስፋ ቆርጬ አንገቴን ስደፋ፣ ዓይኔ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ቀን ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ ስልክዎ ላይ ያለው ቀን ልክ አይደለም።»

ኮስተር አሉ። «ዛሬ ስንት ነው?»

«ኅዳር አሥራ ሁለት።»

«ዓመቱስ?»

«ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት።»

«ስልኩ ምን ይላል?»

«ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት፣ ሦስተኛ ወር፣ አሥራ ሁለት።»

«ታዲያ የቱ ጋ ነው የተሳሳተው?»

የቱም ጋ አልተሳሳተም። ሰውየው ስልካቸውን በራሳቸው አቆጣጠር ሞልተውታል፤ ሰዓቱም ሳይቀር በእኛ ነው። ስልኩ ግን የሚያስበው በፈረንጅ ስለሆነ፣ እሱ ያለው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። የእኛ ሰርቨር ማንነቱን የሚያስረዳ ወረቀት ሲያሳየው ስልኩ ቀኑን ያይና «ይሄ ገና ያልተጻፈ ወረቀት ነው፤ አጭበርባሪ!» ብሎ በሩን ይዘጋበታል። ለነገሩ ልክ ነው። እኔም ብሆን እዘጋበት ነበር።

«ወደ ፈረንጁ እንቀይረው» አልኩ።

«በራሴ ስልክ የሰው ቀን ልቁጠር?»

ድርድሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ የተስማማነው ስልኩ በውስጡ በፈረንጅ እንዲቆጥር፣ ከፊት ለፊቱ ግን የኢትዮጵያን ቀንና ሰዓት በትልቁ እንዲያሳይ ነው። «ከኋላ የፈለገውን ይቁጠር» አሉ፤ «እኔ ከኋላ አላየውም።» በማግሥቱ ውሃ መጣችና ስልካቸው ጮኸ። ወዲያው ደውለው «ይሠራል» አሉኝና ዘጉት። በምድር ባቡር ቤት ከዚህ የበለጠ ምስጋና እንደሌለ በኋላ ነው የገባኝ።

ጥር ላይ ጠብታን ከሥር እስከ ላይ አደስናት፤ ሦስተኛው እትም ማለት ነው። አለቃችን ለታ የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር በስልካቸው ዕድሜ ከፋፍሎ ግድግዳው ላይ አሳየን። ከሦስት መቶ አሥራ አንድ ነዋሪ ከታች በኩል፣ ብቻዋን፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች አንዲት መስመር ነበረች።

«ይሄ ማነው?» አለ ለታ።

«ጋሽ ገብረሚካኤል» አልን እኔና ዮአብ እኩል።

«አዲሶቹ መሣሪያዎች ከአንድሮይድ አምስት ጋር አይሠሩም። ለአንድ ሰው ብለን ሁሉንም በአሮጌው ልናቆይ ነው? በወሩ መጨረሻ የድሮውን በር እንዘጋለን። ሩሐማ፣ አንቺ ንገሪያቸው።»

ለታ ክፉ ሰው አይደለም። ሒሳቡም ልክ ነበር። ሦስተኛው እትም ረቡዕ ለሁሉም ተላከ፤ ለጋሼ ብቻ አልደረሰም፤ እሳቸው በሁለተኛው ላይ ቀሩ፣ እሱም እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ዓርብ ከሰዓት ልነግራቸው ሰንጋ ተራ ሄድኩ።

ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፣ ብቻቸውን። በረንዳው ላይ በርሜሎች በቁመታቸው ተሰልፈዋል፤ ሁሉም ባዶ። ውሃ ከጠፋ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። ሻይ አቀረቡልኝና በሃይላንድ ውሃ የፈላ መሆኑን አስታወቁኝ፤ እንዳላባክነው ነው።

«ጋሼ፣ ለምንድነው ግን አዲስ ስልክ የማይገዙት?» ብዬ ወሬውን ልጀምር ሞከርኩ።

ስልኩን በመዳፋቸው መዘኑት። «አንድ ጊዜ የድሮው ስልኬ ላይ ለአፕዴቱ እሺ ብዬ ነበር። አሳደገው። በማግሥቱ ልጄ ከአዋሳ ደወለች። የማንሻው ቁልፍ ቦታውን ለቋል። አረንጓዴዋን ብነካ የለችም፤ ወደ ጎን ብጎትት እንቢ። እጄ ላይ ጮኸ፣ ጮኸና ዝም አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ስትደውል አላነሳሁም። ሦስተኛው ቀን ሞቷል ብላ አውቶቡስ ተሳፍራ መጣች።» ሻያቸውን ፉት አሉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሞተር በድምፁ ስለይ የኖርኩ ሰው፣ የገዛ ስልኬን ማንሳት አቃተኝ። እያለቀሰች በር ላይ ስትቆም ምን ልበላት? ቁልፉ ጠፋብኝ ልበላት?»

ልነግራቸው የመጣሁትን ሻዩ ውስጥ ተውኩት። «በሉ ልሂድ» ብዬ ተነሳሁ። ደረጃው ላይ ቆሜ ለለታ «ነግሬያቸዋለሁ» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። «ልነግራቸው ነው» ብዬ ጻፍኩ። እሱንም አጠፋሁት።

በማግሥቱ ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ውሃ መጣች።

ሊካሳ ቁልፉን ተጫነ። የሆነውን የሰማሁት ከስድስት ሰው ነው፤ ስድስቱም አንድ ዓይነት ነው የነገሩኝ፣ የሚለያዩት በስድቡ ብቻ ነው። የማንም ስልክ አልጮኸም። አዲሷ ጠብታ ኖቲፊኬሽን ለመላክ መጀመሪያ «እሺ» የሚል ቁልፍ እንዲጫኑላት ትጠይቃለች። ቁልፉን ደግሞ እኛው ራሳችን ስክሪኑ ግርጌ ላይ አስቀመጥነው። በአዲሶቹ ስልኮች ላይ «እሺ» ከስልኩ የራሱ መውጫ ቁልፎች ሥር ገብቶ ተሸጎጠ። ሰው እሺ ያለ መስሎት ሲነካው ከአፑ ይወጣል፤ ወጥቶም በሰላም ይሄዳል። በአጫጭሮቹ ስልኮች ላይ ደግሞ ቁልፉ ከናካቴው ከስክሪኑ በታች ወደቀ። እኛ የሞከርነው በዮአብ ስልክ ላይ ነው፤ እሱ ላይ ሁሉም ነገር ያምር ነበር።

ከሦስት መቶ አሥራ አንድ ስልክ የጮኸው አንድ ነው።

ጋሼ ፒጃማቸውን እንደለበሱ መጀመሪያ የራሳቸው በርሜል ውስጥ ቱቦ አስገቡ። ከዚያ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ውሃ ስትመጣ ያ ሕንፃ ይታወቃል፤ ጀሪካን ከደረጃ ይጋጫል፣ ሰው ይጠራራል፣ በር ይበረገዳል። ያን ቀን ግን ጸጥ ብሏል። መካኒክ ናቸውና ጸጥታው ራሱ ብልሽት እንደሆነ ገባቸው። ከአልጋ ሥር የባቡር ቤት መፍቻቸውን አውጥተው ወጡና የደረጃውን የብረት መደገፊያ ይወቅጡት ጀመር።

«ውሃ! ውሃ መጣ! ተነሡ!»

አራተኛ ፎቅ ላይ ልዩ የምትባል አራስ አለች። በማግሥቱ የሕፃኗ ክርስትና ነው፤ ሰማንያ እንግዳ ተጠርቷል፤ ቤት ውስጥ ያለው ውሃ ለአንድ ድስት አይበቃም። በሯ በመፍቻ ሲንኳኳ ሕንፃው የፈረሰ መስሏት ሕፃኗን አቅፋ ወጣች። ጋሼ በፒጃማ ቆመው «ልጄ፣ ሕፃኗን ለኔ ስጪኝ፤ አንቺ ጀሪካኑን ያዢ» አሏት። ሕፃኗን በአንድ ክንድ፣ መፍቻውን በሌላው ይዘው ከብሎክ ብሎክ ዞሩ። የግቢው ሰው ሁሉ ቀዳ። ውሃዋ አንድ ሰዓት ላይ ሄደች። ሕፃኗ በብረት ድምፅ እንቅልፍ ወስዷት ነበር አሉ።

ከሰዓት ወይዘሮ መነን ደወሉልኝ። «እስከ ዛሬ ውሃ ነበር የሚጠፋው፤ እናንተ ወሬውንም አጠፋችሁት! ነገ መጥታችሁ አስረዱ፤ ካልሆነ በቃን።»

እሑድ እኔ፣ ለታና ዮአብ ከክርስትናው ድንኳን ጥግ እንደ ተከሳሽ በአንድ አግዳሚ ተደርድረን ተቀመጥን። ፊታችን ክትፎ ቀረበልን፤ ማንም አልነካውም፤ ተከሳሽ ክትፎ አይበላም። ለታ ተነሥቶ ስለ ስሪቶች ሊያስረዳ ሞከረ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አንዲት ሴትዮ «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ስለ ውሃ ነው?» ብለው አቋረጡት። ወይዘሮ መነን ውሉ ይፍረስ የሚለውን እጅ ሊያስቆጥሩ ሲሉ፣ ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ።

«ለገሃር ሳለን አዲሱ ሞተር ዳገት ላይ ሲደክመው አሮጌው ከኋላ ይገፋዋል። አሮጌው ሲደክመው አዲሱ ይጎትተዋል። ሐዲዱ አንድ ነው። እነዚህ ልጆች አዲሱን ብቻ አዩ፤ ተሳሳቱ፤ ይጠግኑት። ይቺ ልጅ ለአንድ ሽማግሌ ስልክ ሳምንት ሙሉ አንገቷን ደፍታ ሠርታለች። ለአንድ ሰው የሠራች ለሦስት መቶው አያቅታትም።» ሊቀመጡ ሲሉ ወደ ዮአብ ዞሩ። «ያኛው ልጅ ደግሞ የሚደውል ስልክ ይግዛ።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እጅ ሳይቆጠር ቀረ። ወይዘሮ መነን ክትፎውን ወደኛ ገፋ አድርገው «ብሉ እንግዲህ» አሉን፤ ፍርዱ ይኸው ነበር።

እኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። ስንወጣ ጋሼን ጠብቄ፣ ዓርብ ለምን ቤታቸው መጥቼ እንደነበር ነገርኳቸው። በራቸውን ልንዘጋባቸው እንደነበር።

«አውቄያለሁ» አሉ። «ሰው ዝም ብሎ ውሃ በጠፋ በዘጠነኛ ቀን ሻይ ሊጠጣ አይመጣም።»

ሰኞ ለታ ራሱ ግድግዳው ላይ ጻፈው፦ ከእንግዲህ ማንኛውም እትም ከመውጣቱ በፊት በአሮጌ፣ በመካከለኛና በአዲስ ስልክ ላይ ይሞከራል፤ ለአንድሮይድ አምስት የሚሆን ቀለል ያለ ጠብታ ለብቻው ይቆያል። ቁልፉን ወደ ላይ አወጣነው። አሮጌ ስልክ ስለሌለን ጋሼ በየማክሰኞው እየመጡ እንዲሞክሩልን ተስማማን፤ ማዕረጋቸውም «የነባር ስልኮች የበላይ አማካሪ» ሆነ። ሥራቸውን ከሚገባው በላይ አክብረው ያዙት። «ጽሑፉ አንሷል፤ ለጉንዳን ነው?» ይላሉ። «ይሄ ቀለም ሕመምተኛ ነው» ይላሉ። ዮአብ ስልክ ቀይሮ ሲመጣ ደውለው አረጋገጡት፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው።

ግንቦት ላይ አንድ ሐሙስ ዝርዝሩን ስከፍት ቀጭኗ መስመር የለችም። አንድሮይድ አምስት፣ ዜሮ። ወደኋላ ሄጄ አየሁ፤ ሦስት ቀን ሆኗታል። ማክሰኞም አልመጡም ነበር፤ ጉንፋን ነው ብለን ነበር። ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ወይዘሮ መነን ጋ ደወልኩ፤ አያነሱም።

ቦርሳዬን ሳልይዝ ወረድኩ። ታክሲው ለገሃር ሲደርስ መንገዱ ቆመ። ወረድኩና በእግሬ ሮጥኩ፤ ተረከዝ ባለው ጫማ፣ በጠራራ ፀሐይ። ግቢው በር ላይ ሊካሳ «ምነው?» ሲለኝ አልፌው ደረጃውን ወጣሁ።

ጋሼ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው መሃል ትልቅ የሽሮ ቆርቆሮ አለ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተውበት የሆነ ነገር ይፈልጋሉ።

ያለሁበት ቆሜ አለቀስኩ።

«ማን ሞተ?» ብለው ደንግጠው ተነሡ።

«ማንም… ስልክዎ… ሦስት ቀን…»

«በርሜል ውስጥ ገባብኝ። ልዩ፣ የረጠበ ስልክ ሩዝ ውስጥ ይከተታል አለችኝ። ሩዝ ቤቴ የለም። ይሄ ይመጠዋል ብዬ…» ስልኩን ከሽሮው ውስጥ አወጡት። በቀዳዳው ሁሉ ሽሮ ተሰግስጓል። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፤ ጫማዬን አዩ፣ ላቤን አዩ። የገባቸው ያኔ ነው መሰለኝ። መነጽራቸውን አወለቁና በመሐረባቸው ረጅም ጊዜ ጠረጉት፤ መሐረቡ ሽሮ ስለነበረበት ባሰበት።

«ዱስማ» አሉ ቀስ ብለው። «አለሁ፣ ልጄ። አለሁ።»

አብረን ወደ ለገሃር ወረድን። ስልክ ጠጋኙ ጀርባውን ከፍቶ አሸተተውና «ጋሼ፣ ይሄ በርበሬ ብቻ ነው የጎደለው» አለ። ያገለገለ ሌላ ስልክ መረጥንላቸው። ሱቁ በር ላይ ቆመን እኔ ደወልኩ፣ እሳቸው አነሱ፤ እንደገና ደወልኩ፣ እንደገና አነሱ፤ ጣታቸው መንገዱን እስኪለምድ አሥራ አንድ ጊዜ። አሥራ ሁለተኛው ላይ አዋሳ ደወሉ።

ቢሮ ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ለታ ሰዓቱን አየ፣ ጫማዬን አየ።

«የት ጠፍተሽ ነው?»

«የደንበኛ ሳፖርት ላይ ነበርኩ» አልኩት።